ሰባት ሜትር

ማሽኑ ከጥግ ቆሞ ያጉረመርማል፣
ቀን ከሌት ሳይተኛ አየር ያጣራል፤
ከሆዱ የወጣው ቀጭኑ ቱቦ
ሰባት ሜትር ነው፤
ይዞታል አሎይዚን እንደ ጥጃ ስቦ።

ከአልጋው እስከ ምድጃው ይደርሳል፤ ይበቃል።
ከምድጃው እስከ መስኮት፣ ሲሳብ፣ ይሞክራል።
እርግቦቹ ካሉበት፣ ከጣሪያው ሥር ቆጥ፣
አርባ አንድ ደረጃ ነው፣ ወገብ የሚቆርጥ፤
እዚያ ግን አይደርስም።
ሊድካ ትወጣለች፣ የልጁ ልጅ፣ በሱ ስም፤
አተር ትበትናለች፤ ትቆጥራለች ጮክ ብላ፣
አንዷ የጎደለች ሲመስለው፣ ከታች ሆኖ
"ድገሚ!" ይላል በችኮላ።

ያቺ ዳማይቱ በአንድ ቀን ትመጣ ነበር
ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር፤
እሱ ከወጥ ቤት ተነስቶ አልጋው ለመድረስ
ሁለት ጊዜ ይቀመጣል፣ እስኪመለስ ነፍስ።

ከተማው ቢቶም ነው። ጡቡ ቀይ ነበረ፤
በጥቀርሻ ብዛት መልኩን ቀየረ።
በረዶ ሌሊቱን ነጭ ሆኖ ቢወርድም
እስከ ቁርስ ሰዓት ድረስ ነጭ ሆኖ አይቀርም።

ሠላሳ አንድ ዓመት ምድር ሆድ ወረደ፣
"እግዜር ያግዝህ" ተባብሎ፣ ከሰል እየናደ፤
ኤርቪን ከጎኑ ነው፣ ዳቦ የሚገምስ፣
ሲስቅ ጥርሱ ብቻ የሚታይ፣ እንደ ፋኖስ።
ጡረታ ሲወጣ፣ የመጨረሻው ቀን፣
"ወጣሁ" ብሎ ነበር ታጥቦ ፊቱን።
ተሳስቷል።
እሱ ከጉድጓዱ ወጣ፤
ጉድጓዱ ግን ከሱ አልወጣ።

ሐኪሟ ፎቶውን ከመብራት አስጠግታ
በእስክሪብቶ ዞረች፣ እዚህም እዚያም ነክታ፤
"ይሄ ጥላ ሳይሆን ሳንባህ ነው" አለችው፤
"ክረምቱን መስኮትህን ዝጋ" ብላ መከረችው።
እሷ የት ታውቃለች? የቢቶም ጭስ ሌባ ነው፤
በቁልፍ ቀዳዳ ነው የሚገባው።

ትሩዳ ናት ደግሞ፣ የኤርቪን መበለት፣
ጭስ ማውጫዋ ትይዩ ከአሎይዚ መስኮት።
በአፍንጫው ያነባል የቤቷን ወሬ፦
"የቁም ሳጥን በር ነው የነደደው ዛሬ፤
ቫርኒሹ ይሸታል። ትናንት የጫማ ሶል።
ከትናንት በስቲያ እርጥብ ዝቃጭ ከሰል።"
ከዚያ ሳሉ ይነሳል፤
ግማሽ ቃል ይናገራል፣
ግማሹን
ይውጣል።

"ክሰሳት" ትላለች ሊድካ ስልኩን ይዛ፣
"ሕግ አለ፤ ይቀጧት፣ ሳትገልህ መርዛ።"
"ምን ብዬ ልክሰሳት?" አለ ትንፋሽ ሲያገኝ፤
"በረዳት ብዬ ነው?
ከሰሉን ከጉድጓድ ያወጣሁ እኔ ነኝ።"

በጥር አንድ ሌሊት፣ ከዜሮ በታች አሥራ አራት፣
ድንገት ደረቱ ላላ፤ ቀለለው እንደ ጥንት።
ወይን ጠጅ የነበረው የአየሩ ካርታ
አረንጓዴ ሆኗል፤ ሊድካ ሳቀች ተደስታ።
አሎይዚ መስኮቱን በጣቱ ከፈተ፣
አንድ ኮከብ አየ፤ ዝም ብሎ ተመለከተ።
ትንፋሽ ሳበ። ደገመ። ኧረ እንዴት ይጣፍጣል!
ሦስተኛው ላይ ቆመ፤
ምን ጎድሏል?

የሰፈሩ ጭስ ሁሉ በነፋስ ጎንብሷል፤
ትሩዳ ጣሪያ ላይ ግን ኮከቡ ይታያል።

ተነሳ። ወደ በሩ። ሁለት እርምጃ ሲቀር
ቱቦው ከአፍንጫው ሳበው፤ አለቀ ያ ሜትር።
"ሊድካ፣ ምድር ቤት ውረጂ፤ ቁልፉ ከሚስማሩ፤
የጡረታ ከሰል አለ፣ ያልነካሁት፣ ከነክምሩ።
ሁለት ባልዲ ለትሩዳ።"
"አያቴ፣ ጭሱ እኮ ወዳንተ ነው የሚነዳ!"
"ጥሩ ከሰል ነው" አላት፣ "ጭስ የለውም" አላት።
ዋሸ። ሠላሳ አንድ ዓመት የቆፈረ እንዴት ይሳሳት?

ፎጣ አርሶ ከመስኮቱ ግርጌ አነጠፈ።
ብዙ ቆየ። ከዚያ ከጭስ ማውጫዋ
አንድ ቀጭን ክር ወጣ፤
ወፈረ፤
ኮከቡን ሰወረ።
"እሰይ" አለ አሎይዚ። ሳሉ ጀመረ።
ክንዱን ዘርግቶ የማሽኑን ቁልፍ
ከሁለት ወደ ሦስት አዞረ።